የደን ዘረመል ሀብት፦ የዓለም አቀፉ ምዝገባና ጥበቃ ጉዞ

መግቢያ

የአንድ አገር የደን ሀብት በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚጠየቀው «ስንት ሄክታር ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጠለቅ ብለው የሚጠይቁ ደግሞ በደኑ ውስጥ ስንት ዓይነት ዛፎች እንዳሉ ማወቅ ይሻሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ደን ስፋቱ ሳይቀንስ፣ የዛፎቹም ዓይነት ሳይጓደል ከፍተኛ ሀብት ሊያጣ ይችላል። ይህ ሀብት በዓይን አይታይም፤ ከሳተላይት በሚነሣ ምስል ላይም አይገኝም። እርሱም በአንድ ዝርያ ዛፎች መካከል ያለው የዘረመል ልዩነት ነው።

ይህን የማይታይ ሀብት ለማወቅ፣ ለመመዝገብና ለመጠበቅ አገሮች በጋራ መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። የጥረቱን ምንነት፣ ስልቱንና ለአገራችን ያለውን ትርጉም ለአንባብያን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

የደን ዘረመል ሀብት ምንድን ነው?

የደን ዘረመል ሀብት ስንል በዛፎችና በሌሎች እንጨታማ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኝ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍና ዛሬ ወይም ወደፊት ጥቅም ሊሰጥ የሚችል ውርስ ማለታችን ነው። ይህ ልዩነት በሦስት ደረጃዎች ይታያል። የመጀመሪያው በዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት ሲሆን ዋንዛ ከዝግባ፣ ወይራ ከኮሶ የሚለዩበት ነው። ሁለተኛው በአንድ ዝርያ ስብስቦች መካከል የሚገኘው ነው። ስብስብ የምንለው በአንድ አካባቢ አብረው የሚበቅሉና እርስ በርሳቸው የሚዳቀሉ የአንድ ዝርያ ዛፎችን ነው። በደረቅ ቆላ አፋፍ የበቀለ ወይራና በእርጥብ ደጋ የበቀለ ወይራ ስማቸው አንድ ቢሆንም፣ በብዙ ሺህ ዓመታት ሂደት የየአካባቢያቸው ድርቅ፣ ውርጭና ተባይ ለየብቻ ሊቀርጻቸው ይችላል። ሦስተኛው ደረጃ በአንድ ስብስብ ውስጥ ባሉ ዛፎች መካከል የሚገኘው ልዩነት ነው።

ዛፎች ከሌሎች ሕያዋን ጋር ሲነጻጸሩ በዚህ በሦስተኛው ደረጃ ባለጸጎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚራቡት ከሌላ ዛፍ በሚመጣ ብናኝ ነው። ብናኙም በነፋስ፣ በነፍሳትና በአእዋፍ አማካይነት ረጅም ርቀት ይጓዛል። ዛፍ ግን ራሱ ከበቀለበት ቦታ አይነቃነቅም። ድርቅ ቢመጣ ሸሽቶ አያመልጥም፤ ዕድሜው ደግሞ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ረጅም ዕድሜ የሚለዋወጠውን የአየር ጠባይ የሚቋቋመው፣ እርሱ ባይችል እንኳ ከልጆቹ አንዳንዶቹ የሚቋቋሙት፣ በውስጡ ባከማቸው ልዩነት ነው።

ልዩነቱ ለምን ያስፈልጋል?

የዘረመል ልዩነት ጥቅም ጎልቶ የሚወጣው በመከራ ጊዜ ነው። ለዚህ ከአውሮፓ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አሽ የተባለው ትልቅ ዛፍ በአህጉሩ በስፋት የሚገኝና በጠንካራ እንጨቱ የሚታወቅ ነው። ከ1992 ጀምሮ በፖላንድ ዛፉ ከጫፉ እየደረቀ ሲሞት ታየ። መንስኤው ከምሥራቅ እስያ የመጣ ፈንገስ መሆኑ በኋላ የተረጋገጠ ሲሆን፣ በሽታው በሁለት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን አውሮፓ አዳረሰ። ተመራማሪዎች በበሽታው በተጎዱ ደኖችና ቀደም ብለው በተተከሉ የሙከራ ማሳዎች ባደረጉት ምርመራ፣ ከመቶ ከአምስት የማይበልጡ ዛፎች በሽታውን በደንብ እንደሚቋቋሙ አረጋገጡ። ይህ ችሎታ ወደ ልጆች የሚተላለፍ በመሆኑ ዝርያውን መልሶ ለማቋቋም የሚደረገው ጥረት የቆመው በእነዚሁ ጥቂት ዛፎች ላይ ነው። ደኑ ሁሉ ከአንድ ዛፍ ዘር የተገኘ ቢሆን ኖሮ ይህ ተስፋ ባልኖረ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ እኛ ይቀርባል። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች በስፋት የተተከለው የፈረንጅ ጥድ መጤ ዛፍ ነው። በ1986 በማላዊ ይህን ዛፍ የሚያጠቃ መጤ ክሽክሽ ታየና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛመተ፤ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ጉዳትም አደረሰ። ሰፊ መሬት በአንድ ዓይነት ዛፍ መሸፈን አደጋ እንዳለው ሁኔታው በግልጽ አሳይቷል።

የጥረቱ አጀማመር

የዛፍ ዘር ከየት እንደመጣ ማወቅ ጠቃሚ መሆኑ የታወቀው ጥንት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ፈረንሳዊው ፊሊፕ አንድሬ ደ ቪልሞረን ከተለያዩ የአውሮፓ አካባቢዎች ያመጣውን የአንድ ጥድ ዝርያ ዘር ሌ ባር በተባለ ቦታ ጎን ለጎን ተከለ። ዛፎቹ በአንድ አፈርና በአንድ የአየር ጠባይ ቢያድጉም፣ በግንዳቸው ቀጥተኛነትና በዕድገታቸው ግን ተለያዩ። ልዩነቱ ከአፈሩ ሳይሆን ከውርሳቸው መምጣቱ በዚህ ታወቀ። ይህ ዓይነቱ ጥናት ዛሬ የዘር ምንጭ ሙከራ ተብሎ ይጠራል። በ1892 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የደን ምርምር ድርጅቶች ኅብረትም ሙከራውን ከአገር ወደ አገር አስፋፋው።

የመንግሥታት ትብብር የተጠናከረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ1968 የደን ዘረመል ሀብት ባለሙያዎች ጉባኤ አቋቋመ። በ1980 ደግሞ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካምኮር የተባለ የትብብር መርሐ ግብር ተመሠረተ። ይህም በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ የሚመናመኑ ጥዶችን ዘር እየሰበሰበ፣ ደኖቹ ከመጥፋታቸው በፊት በሌሎች አገሮች እንዲተከል አደረገ።

የዚያን ዘመን ጥረት አስፈላጊነት የራዲያታ ጥድ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። ይህ ዛፍ በኒውዚላንድ፣ በቺሊ፣ በአውስትራሊያና በስፔን በአራት ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ተተክሎ የእንጨት ኢንዱስትሪ የሚመገበው ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው ግን በአምስት ቦታዎች ብቻ ነው፦ በካሊፎርኒያ ጠረፍ በሦስት ሥፍራዎች፣ በሜክሲኮ ይዞታ ሥር ባሉ በጓዳሉፔና በሴድሮስ ደሴቶች። በጓዳሉፔ ደሴት በ19ኛው ምዕተ ዓመት የተለቀቁ ፍየሎች የሚበቅለውን ችግኝ ሁሉ ስለሚበሉ ደኑ የአረጋውያን ዛፎች ብቻ መኖሪያ ሆነ። በ1978 የአውስትራሊያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከአምስቱም ቦታዎች ዘር ሰበሰቡ። በ2001 በጓዳሉፔ የቀሩት ዛፎች 220 ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ሲታጠርና ፍየሎቹ ሲወገዱ አዳዲስ ችግኞች መብቀል ጀመሩ። የብዙ አገሮች ኢንዱስትሪ የተመሠረተበት ዝርያ የውርሱ አንድ ክፍል ከፍየል መንጋ አፍ ለጥቂት ተረፈ ማለት ነው።

በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተፈረመው የብዝሃ ሕይወት ስምምነት የዘረመል ልዩነትን ከዝርያና ከሥርዓተ ምኅዳር ጋር እኩል ጥበቃ የሚገባው አድርጎ ደነገገ። የአውሮፓ አገሮችም በ1990 በስትራስቡርግ ባደረጉት ስምምነት መሠረት በ1994 ዩፎርጀን የተባለውን የጋራ መርሐ ግብር ጀመሩ።

የዓለም ደን ዘረመል ሀብት ይዞታ

እነዚህ ጥረቶች ቢኖሩም እስከ 21ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የመላውን ዓለም ሁኔታ በአንድነት የሚያሳይ ሰነድ አልነበረም። ክፍተቱን ለመሙላት ፋኦ አገሮች የየራሳቸውን ሪፖርት እንዲያዘጋጁ ጠየቀ። ከ86 አገሮች በቀረቡ ሪፖርቶች ላይ የተመሠረተው የመጀመሪያው የዓለም ደን ዘረመል ሀብት ይዞታ ዘገባ በ2014 ታተመ። በዘገባው መሠረት አገሮቹ በጠቅላላው 8,000 የሚጠጉ የዛፍ፣ የቁጥቋጦ፣ የዘንባባና የቀርከሃ ዝርያዎችን ጠቅሰዋል። ከእነዚህ መካከል ለምርት ወይም ለአገልግሎት ተብለው ክብካቤ የሚደረግላቸው 2,400 ያህሉ ሲሆኑ፣ የማሻሻያ ሥራ የሚካሄድባቸው ደግሞ 700 ገደማ ናቸው።

ይህን አኃዝ ከዓለም የዛፍ ዝርያዎች ብዛት ጋር ስናነጻጽረው የዕውቀታችን ጠባብነት ይገለጻል። የዓለም አቀፍ የዕፅዋት ማዕከላት የጥበቃ ድርጅት በ2021 ባወጣው ጥናት በምድር ላይ 58,497 የዛፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ 30 በመቶ ያህሉም የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ናቸው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2024 ይፋ ባደረገው ግምገማ ደግሞ ከተመረመሩት 47,282 ዝርያዎች ውስጥ 16,425ቱ፣ ማለትም ከመቶ ከ34 በላይ የሚሆኑት፣ ቢያንስ በአንዱ የአደጋ ደረጃ ተመድበዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ ዝርያ መጥፋት ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ዝርያ ከመጥፋቱ አስቀድሞ ስብስቦቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ይህን ግን የአደጋ መዝገቡ ሙሉ በሙሉ አይነግረንም።

ከዘገባው ግኝቶች በመነሣት የፋኦ ጉባኤ በሰኔ 2013 የደን ዘረመል ሀብት ዓለም አቀፍ የድርጊት መርሐ ግብር አጸደቀ። መርሐ ግብሩ 27 ስልታዊ ተግባራትን በአራት ዘርፎች ይከፍላል። እነርሱም፦
1ኛ. መረጃን ማሰባሰብና ተደራሽ ማድረግ፤
2ኛ. ሀብቱን በተፈጥሮ ቦታውና ከዚያ ውጪ መጠበቅ፤
3ኛ. በዘላቂነት መጠቀምና ማልማት፤
4ኛ. ፖሊሲን፣ ተቋማትንና የሰው ኃይልን ማጠናከር ናቸው።
ሁለተኛው ዓለም አቀፍ ዘገባ በ2025 ወጥቷል።

ግምገማው የሚካሄድበት ስልት

የዘረመል ሀብትን ለመገምገም ሦስት መንገዶች በተደጋጋፊነት ያገለግላሉ። የመጀመሪያው የመስክ ቆጠራ ነው፤ ዝርያው የት የት እንደሚገኝ፣ ስብስቦቹ ምን ያህል እንደሆኑ፣ ችግኝ ይበቅልባቸው እንደሆነ ይመዘገባል። ሁለተኛው ከላይ ያየነው የዘር ምንጭ ሙከራ ነው። ጊዜና ገንዘብ የሚፈልግ ቢሆንም፣ የዛፎቹን ዕድገትና የመቋቋም ችሎታ በቀጥታ የሚያሳየው እርሱ ነው። ሦስተኛው ከቅጠል በሚወሰድ ናሙና የሚደረግ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ነው። ይህ ስብስቦች ምን ያህል እንደሚለያዩና በመካከላቸው የብናኝና የዘር ልውውጥ መኖር አለመኖሩን በአጭር ጊዜ ያሳውቃል።

ከዚህ ቀጥሎ «ስንት ዛፍ ቢጠበቅ ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ከአንድ ቀላል ስሌት ይጀምራል። አንድ ስብስብ በየትውልዱ የሚያጣው የዘረመል ልዩነት መጠን አንድ ሲካፈል ለእጥፍ የወላጆች ቁጥር ነው። ወላጆቹ 10 ቢሆኑ በአንድ ትውልድ 5 በመቶ፣ 50 ቢሆኑ 1 በመቶ፣ 500 ቢሆኑ ደግሞ 0.1 በመቶ ይጠፋል። የዩፎርጀን አባል አገሮች ለጥበቃ የሚከልሏቸው የዘረመል ጥበቃ ክፍሎች፣ ደን ለሚመሠርቱ ዋና ዋና ዝርያዎች ቢያንስ 500 የሚራቡ ዛፎች እንዲኖሯቸው የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በስሌቱ ውስጥ የሚገባው የቆሙት ዛፎች ቁጥር ሳይሆን ለሚቀጥለው ትውልድ በእርግጥ የሚያበረክቱት ነው። የእኛን ኮሶ እንመልከት። ኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያዩ ዛፎች የሚያፈራ ዝርያ ነው። በአንድ ሥፍራ 100 የኮሶ ዛፎች ቢኖሩና ከእነርሱ 90ዎቹ ሴቴ፣ 10ሩ ብቻ ወንዴ ቢሆኑ፣ ውጤታማው ቁጥር አራት ጊዜ የሁለቱ ብዜት ለድምራቸው ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ይህም 4 × 90 × 10 ÷ 100 = 36 ይሆናል። በዓይን 100 የሚታየው ስብስብ በዘረመል ሚዛን 36 ብቻ ነው ማለት ነው።

ሁለቱ የጥበቃ መንገዶች

ጥበቃው በሁለት መንገድ ይካሄዳል። ኢንሲቱ የሚባለው ዛፎቹን በተፈጥሮ በበቀሉበት ቦታ መጠበቅ ነው። በዚህ ጊዜ ስብስቡ ከአየር ጠባዩ፣ ከተባዩና ከበሽታው ጋር እየታገለ መለወጡን ይቀጥላል። ኤክስሲቱ የሚባለው ደግሞ ዘሩን በባንክ፣ ወይም ዛፉን በሌላ መሬት ተክሎ ማቆየት ነው። በእንግሊዝ አገር በ2000 የተከፈተው የኪው የሚሌኒየም የዘር ባንክ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በባንክ የሚቀመጥ ዘር ደርቆ በብርድ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ይቆያል።

ሆኖም ሁሉም ዘር መድረቅን አይችልም። የብዙ የሞቃታማ ደኖች ዛፎች ዘር ሲደርቅ ይሞታል። የቡና ዘርም ቢሆን በተለመደው የባንክ አሠራር ለረጅም ጊዜ አይቆይም። እንዲህ ያሉ ዝርያዎች በመስክ የዘረመል ባንክ፣ ማለትም በሕይወት ባለ ተክልነት መጠበቅ ይኖርባቸዋል። መሬትና የዘወትር ክብካቤ ስለሚጠይቅ ወጪው ከፍተኛ ነው።

የኢትዮጵያ የደን ቡና ያስተማረው

የሁለቱን መንገዶች ተደጋጋፊነት ከኢትዮጵያ የደን ቡና የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የአረቢካ ቡና በተፈጥሮ የሚገኘው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። በላቲን አሜሪካ ለብዙ ዘመን ሲለማ የቆየው ቡና ግን በአብዛኛው በ18ኛው ምዕተ ዓመት ከተወሰዱ ጥቂት ተክሎች የተገኘ በመሆኑ ልዩነቱ እጅግ የጠበበ ነው። በ1869 በሲሎን የታየው የቡና ቅጠል ዋግ የደሴቲቱን የቡና ልማት እንዳልነበረ ካደረገው በኋላ፣ የዓለም ቡና አምራቾች ዓይናቸውን ወደ ምንጩ ማዞር ግድ ሆነባቸው።

በ1964 እና በ1965 ፋኦ ወደ ኢትዮጵያ የቡና ተልእኮ ላከ። ባለሙያዎቹ በደኖችና በገበሬዎች ማሳ እየተዘዋወሩ ዘር ሰበሰቡ። ዘሩም ኮስታ ሪካን፣ ሕንድንና ታንዛኒያን ጨምሮ በተለያዩ አገሮችና በኢትዮጵያም ተተከለ። ይህ የኤክስሲቱ ጥበቃ እስከ ዛሬ ለዓለም የቡና ምርምር እያገለገለ ይገኛል።

ተልእኮው ከተመለሰ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1971፣ ቀድሞ በኬንያ ይታወቅ የነበረው የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየና የገበሬውን ምርት ያጠፋ ጀመር። የአገራችን ተመራማሪዎች መፍትሔውን የፈለጉት በቆመው የቡና ሀብት ውስጥ ነበር። በሽታው በበረታባቸው ቦታዎች ፍሬያቸው ያልተጎዳ ዛፎችን እየለዩ ዘራቸውን ሰበሰቡ፤ ልጆቻቸውንም ፈተኑ። ዛሬም በገበሬው ዘንድ የታወቁት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው። የቁጥራቸው መጀመሪያ 74 የተመረጡበትን 1974 ያመለክታል። ምርጫው ተጀምሮ ዝርያዎቹ ለገበሬው እስኪደርሱ የወሰደው ጊዜ ከአሥር ዓመት በታች ነው፤ ለዛፍ ሰብል ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው። ፍጥነቱ የተገኘው የመቋቋም ችሎታው አስቀድሞ በዛፎቹ ውስጥ ስለነበረ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ነገ የትኛው ባሕርይ እንደሚያስፈልግ ዛሬ ማወቅ ስለማይቻል የምንፈልገውን ብቻ መርጦ ማስቀመጥ አይበቃም። ሁለተኛ፣ የአረቢካ ቡና ከአብዛኞቹ ዛፎች በተለየ በአመዛኙ በራሱ ብናኝ የሚራባ ስለሆነ፣ የልዩነቱ ትልቅ ክፍል የሚገኘው በቦታዎች መካከል ነው። ስለዚህ አንድ ሰፊ ደን ብቻ መከለል አይበቃውም፤ በብዙ ቦታዎች ያሉ ስብስቦች መጠበቅ አለባቸው። በነፋስ ብናኝ የሚራባው ኮሶ ግን በአንድ በቂ ስብስብ ውስጥ ብዙ ልዩነት ሊይዝ ይችላል። የጥበቃ ዕቅድ ከዝርያው የአረባብ ባሕርይ ጋር መጣጣም ያለበት ለዚህ ነው።

በአሁኑ ጊዜ የከፋና የያዩ ደኖች ከ2010፣ የሸካ ደን ደግሞ ከ2012 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። በጅማ ዞን ጮጬ የሚገኘው የመስክ ዘረመል ባንክ ደግሞ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የቡና ናሙናዎችን በሕይወት ይዟል። ይህም ሆኖ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዱር አረቢካ ቡናን ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መድቦታል። የደን ምንጣሮና የአየር ንብረት ለውጥ ዋና ዋናዎቹ ሥጋቶች ናቸው።

ችግኝ ከመተከሉ በፊት

በአገራችን በ2019 የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየዓመቱ እጅግ ብዙ ችግኝ እንዲፈላ አድርጓል። ከዘረመል ሀብት አንጻር ዋናው ጥያቄ የችግኙ ብዛት ሳይሆን የእናት ዛፎቹ ማንነት ነው። ለቀሚው ለድካም ቅነሳ ሲል በመንገድ ዳር ከሚገኙ ሁለት ወይም ሦስት ዛፎች ዘር ቢለቅም፣ ከዚያ የሚፈሉት አንድ መቶ ሺህ ችግኞች የሁለትና የሦስት እናቶች ልጆች ይሆናሉ። ደኑ ሲያድግ እኅትማማቾች እርስ በርሳቸው ይዳቀላሉ፤ በሚቀጥለው ትውልድ ዘሩ ይሳሳል፣ ዕድገቱ ይቀጭጫል። ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሊታረም በማይችልበት ጊዜ ነው።

ይህን ለመከላከል በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራባቸው መመሪያዎች ቀላልና ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው፦

• ዘር ቢያንስ ከ30 ጤናማ ዛፎች መለቀም አለበት፤
• የተመረጡት ዛፎች ዘመዳሞች እንዳይሆኑ ቢቻል ከ50 እስከ 100 ሜትር ሊራራቁ ይገባል፤
• ከእያንዳንዱ ዛፍ የሚለቀመው የዘር መጠን ተቀራራቢ ቢሆን ይመረጣል፤
• ለብቻው ከቆመ ዛፍ ዘር መልቀም አይመከርም፤ በራሱ ብናኝ የተራባ ሊሆን ይችላልና፤
• የተለቀመበት ቦታ፣ ከፍታውና ቀኑ ተመዝግቦ መረጃው ከዘሩ ጋር እስከ ተከላው መሬት ድረስ መጓዝ አለበት።

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የጥንታዊው ደን ቅሪት በብዛት የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። እነዚህ ትንንሽ ደኖች ለአገር በቀል ዛፎች ዘር የማይተኩ ምንጮች ናቸው። ይሁን እንጂ በመካከላቸው የእርሻ መሬት ስለተዘረጋ እያንዳንዱ እንደ ደሴት ተነጥሎ ይገኛል። ከአንድ ደን ብቻ ከመልቀም ይልቅ በተቀራራቢ ከፍታና የአየር ጠባይ ካሉ በርካታ ደኖች የተለቀመን ዘር ማደባለቅ፣ ደኖቹንም በተከላ ማቀራረብ፣ የተቋረጠውን የብናኝ ልውውጥ ሊመልሰው ይችላል።

ማጠቃለያ

ዓለም አቀፉ ጥረት ከቪልሞረን የሙከራ ማሳ ተነሥቶ እስከ 27ቱ ስልታዊ ተግባራት ድረስ ረጅም መንገድ ተጉዟል። መርሐ ግብሮቹ ግን በወረቀት ላይ ዛፍ አይተክሉም፤ ዘርም አይለቅሙም። በዓለም ዘገባ ውስጥ የሚሰፍረው አኃዝ የሚመነጨው በየአገሩ ከሚደረግ ቆጠራ፣ ከእያንዳንዱ የዘር ከረጢት ጋር ከሚጓዝ አንዲት ወረቀት ነው። የተቆረጠ ደን በሌላ ተከላ ሊተካ ይችላል፤ ከእርሱ ጋር የጠፋ የዘረመል ልዩነት ግን በገንዘብም ሆነ በምርምር ተመልሶ አይሠራም። ስለዚህ «ስንት ሄክታር?» እና «ስንት ችግኝ?» ከሚሉት ጥያቄዎች ጎን «ከስንት እናት ዛፎች፣ ከየትስ ቦታ?» የሚል ሦስተኛ ጥያቄ በየችግኝ ጣቢያው ሊጠየቅ፣ መልሱም ሊመዘገብ ይገባል።